የርዕሱን ቦታ ባዶ ትቼልሃለሁ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን አራት ዓመት ሊሞላን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለመጨረሻው ደብዳቤህ መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ፤ ሲቆይ አፈርሁ፣ ሳፍር ደግሞ ይበልጥ ቆየሁ። ይቅር በለኝ።

የራሴን ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ሁጎ የሚባለው ፕሮግራም በተራ ፋይል የጻፍሁትን ያለቀለት ገጽ አድርጎ ያወጣልኛል። ከኋላው ዳታቤዝ ስለሌለ ቀላል ነው፤ ኔትወርክ በደከመ ቀንም ይከፈታል። የፈጀኝ የገጽታው ምርጫ ነው፤ ገጽታ የምልህ የገጹን መልክ የሚወስነውን ዝግጁ የፋይል ስብስብ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ከእርሱ ጋር ነበርሁ።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ትልልቅ ፎቶ ያለው ገጽታ ነበር። ናሙናው በእንግሊዝኛ ሲታይ ያምራል። የእኔን ጽሑፍ ሳስገባበት ግን መስመሩ ተጨናነቀ፤ የ«ሟ» እግር ከሥሯ ያለውን የ«ሎ» ራስ ሊረግጥ ምንም አልቀረው። ጥቅሱን ደግሞ ሁሉ ያጋድመዋል። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ተጋዳሚ አጻጻፍ ስለሌለው ብራውዘሩ ቀጥ ብሎ የቆመውን ሆሄ ገፍቶ ነው የሚያዘነብለው። ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልኸኝ። የግድግዳ መጽሔታችንን ስታዘጋጅ በመጀመሪያ በእርሳስ ታሰምር ነበር፤ ስቸኩል «ተው፣ ፊደሉ አየር ያግኝ» ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ ፔፐርሞድ የተባለውን ገጽታ መረጥሁ። ጌጥ የለውም፤ የወደድሁትም ለዚህ ነው። የመስመሩን ርቀት ወደ ፊደሉ መጠን 1.9 እጥፍ ከፍ አደረግሁ፣ ማጋደሙን አጥፍቼ ጥቅሱን በ« » ብቻ ተውሁት። ለጽሑፉ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ወሰድሁ፤ የቁም ጸሐፊ እጅ አለበት። ነገር ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ርዕሱን ደማቅ ሳደርገው ብራውዘሩ በግድ አወፈረውና የ«ዐ» እና የ«ፀ» ሆድ ተደፈነ። ስለዚህ ለርዕስ ከቀጭን እስከ ወፍራም የተሟላውን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክን አደረግሁ።

አንድ ነገር አሳዝኖኛል። የገጽታውን ፋይሎች እዚያው በቦታቸው እየከፈትሁ አርም ነበር። አንድ ሌሊት አዲሱን እትም ሳወርድ የሦስት ሳምንት ሥራዬ ተጠረገ። ለካ የሚለወጠውን ፋይል በዚያው ስምና መንገድ ወደ ራስህ ፎልደር መቅዳት ነው፤ ሁጎ ያንተን አስቀድሞ ያያል፣ የገጽታው ሳይነካ ይቀመጣል። አንተም ብትጀምር ከዚህ ጀምር።

ሁጎን ቀኑን በአማርኛ አውጣ ስለው «ሴፕቴምበር» ብሎ አወጣልኝ። እኔ የምፈልገው መስከረምን ነው፤ ስለዚህ በየጽሑፉ ራስ በእጄ እጽፈዋለሁ። የየጽሑፉን የድረ ገጽ አድራሻ ግን በላቲን አድርጌዋለሁ፤ በአማርኛ ሲሆን በብዙ ቦታ ሲቀዳ አንዱ ፊደል 9 ምልክት እየሆነ «ሰላም» ብቻውን 27 ይደርሳል።

አሁን የቀረው ከላይ የሚቆመው የገጹ ስም ነው። ሁሉንም ፎንት ሞክሬበታለሁ፣ አንዱም ልቤን አልሞላውም። ያ ጥቁርና ቀይ ቀለምህ ካለ «ማኅደር» ብለህ በመቃ ብዕር ጻፍልኝ፤ በነጭ ወረቀት ላይ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። እስኪደርስ ቦታው ባዶ ነው።

ናፋቂ ወንድምህ