ሞተር የሌለው ጀልባ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብዕር ያነሳሁት ስልኩ አላግባባ ስላለን ነው። ባለፈው እሁድ ስደውል ሦስት ጊዜ "እህ?" ብለው ስልኩን ለእትዬ ሰጧት። ከዚያ በኋላ እሷ አስተርጓሚ ሆነች። ስለምሻገርበት ጀልባ ስትነግርዎ ግን "ሞተር የሌለው ጀልባ? በሏት፣ ከጣና ሰው ጋር አትቀልድ!" ብለው ሲስቁ ሰማሁ። እንግዲህ በጽሑፍ ይኸውና፤ መነጽርዎን ያድርጉ።

ያለሁባትን የስዊዘርላንድ ከተማ ባዝልን የራይን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ማዶ ከፍታው ላይ ካቴድራሉ ያለበት ትልቁ ባዝል፣ ወዲህ ደግሞ እኔ የምኖርበት ትንሹ ባዝል፣ ድሮ የሠራተኛ ሰፈር የነበረው። ወንዙ መሀል ከተማ ላይ ስፋቱ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ነው። ድልድይ ሞልቷል። በድልድዮቹ መሀል ግን አራት ትንንሽ ጀልባዎች ከዳር ዳር ይመላለሳሉ፤ አራቱም ያለ ሞተር።

አሠራሩን ለመካኒክ እንደሚነገር ልንገርዎት። ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር የብረት ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ ፑሊ አለ፤ ከፑሊው ሌላ ረጅም ገመድ ወርዶ ጀልባውን ይይዘዋል። ስለዚህ ወንዙ ጀልባውን ወደ ታች ይዞት መሄድ አይችልም፤ ወደ ጎን መንሸራተት ግን አይከለከልም። ጀልበኛው ገመዱ የታሰረበትን ዘንግ ወደ አንድ ጎን ያዞርና መሪውን ይይዛል። ጀልባው ሰያፍ ይሆናል። ውሃው ያን የተዘነበለ ጎን ሲገፋው፣ ወደ ታች መሄጃ የለውምና ወደ ማዶ ይሄዳል። ለመመለስ ዘንጉን ወደ ሌላው ጎን ማዞር ነው፣ በቃ። ናፍጣ የለ፣ ፕሮፔለር የለ፣ ዘይት ቅየራ የለ። አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል የታንኳ ቀዛፊዎች የደንገሏን አፍንጫ ወደ ላይ አዙረው ሰያፍ ሲሻገሩ አይተው የለ? ያው ነው፤ እዚህ በመቅዘፊያው ፈንታ ገመድ ገባ እንጂ። ወንዙ ከመጠን በላይ ሲሞላ ደግሞ ሥራ ያቆማሉ። የሚሞላውም በሰኔ ገደማ ነው፣ በዝናብ ብቻ ሳይሆን ከተራራው በሚቀልጠው በረዶ።

የመጀመሪያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። ለምን ቢሉ፣ የሥዕል ሰዎች ማኅበር ለጥበብ የሚሆን አዳራሽ መሥሪያ ገንዘብ ሲቸግረው፣ በወንዙ ላይ መሻገሪያ ከፍቶ ከተሳፋሪ ሳንቲም ለመልቀም። አዳራሹ በ1872 ተከፈተ፣ ዛሬም አለ። ዕቁብ ጥለው የሠሩት ያህል ነው! አሁንም ዋጋው እዚህ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ያነሰ ነው።

እኔ የምሳፈርበት ፎግል ግሪፍ ይባላል። ግማሽ ንስር ግማሽ አንበሳ የሆነ አውሬ ስም ነው። ከትንሹ ባዝል የጥንት ማኅበራት የአንዱ ምልክት ነው፤ በእኛ ጥምቀት ሰሞን በዓላቸውን ሲያከብሩ አንድ ቅጠል የለበሰ "የዱር ሰው" በተንሳፋፊ መድረክ ላይ እየጨፈረ በወንዙ ይወርዳል፤ ሁልጊዜ ጀርባውን ለትልቁ ባዝል ሰጥቶ ነው። ሀብታሞቹን ለመናቅ ነው ይላሉ። ጎንደርና ጎጃም ሲተራረቡ የሚሰማ ይመስለኛል።

ጀልባው ጠዋት በጣም ማልዶ አይጀምርም፣ ሲመሽም የለም። ስለዚህ ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ በድልድይ፣ ከቀትር በኋላ ከሥራ ስወጣ ግን በጀልባ ነው። የምሳፈርበት ዳር "የሞት ጭፈራ" ይባላል፤ አይደንግጡ። ድሮ የመቃብር አጥር ላይ ሞት ንጉሡንም ለማኙንም እጁን ይዞ ሲያስጨፍር የሚያሳይ ሥዕል ነበር። አጥሩ በ1805 ፈረሰ፣ ስሙ ቀረ። ከሆስፒታል አጠገብ እንዲህ ያለ ስም ማስቀረታቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ስለ ዓሣው ጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከከተማዋ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ የኬሚካል መጋዘን ተቃጥሎ፣ የእሳት ማጥፊያው ውሃ መርዙን ይዞ ወደ ወንዙ ገባ፤ ራይን ቀላ፣ ዓሣው አለቀ። ዛሬ ግን ወንዙ ጸድቶ፣ በሐምሌ ሰው ልብሱን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ቋጥሮ፣ ከረጢቱን አቅፎ እየተንሳፈፈ ነው ከሥራ የሚመለሰው። የጣናው እምቦጭ እንዴት ሆነ? እትዬ ስጠይቃት "ያው ነው" ብላ ታልፈኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

መጀመሪያ የተሳፈርኩ ዕለት ከዳሩ ስንለቅ የሞተሩን መነሳት ጠበቅሁ። አልመጣም። ከእንጨቱ አግዳሚ ሥር ውሃው ሲፏጭ፣ ሁለት አሮጊቶች ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ፣ ከማዶ አንድ ሰው ጀልባውን ለመጥራት ደወል ሲያቃጭል ሰማሁ። በጀልባ ላይ ሆኜ የሰው ወሬ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅ ሆኜ ጎርጎራ የወሰዱኝ ጊዜ፣ ቁንዝላ አድረን ማለዳ ስንነሳ፣ ወደ ሞተሩ ክፍል ወርጄ በሁለት እጄ ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ። እርስዎ በጨርቅ እጅዎን እየጠረጉ አንድ ነገር ይነግሩኛል፤ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ምን እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ፤ እርስዎ እዚያው ቀሩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።

ጡረታ ሲወጡ ስለ ወገብዎ አወራን፣ ስለ አበልዎ አወራን። ስለ ጆሮዎ ያነሳ የለም። "አባባ መስማት አይፈልጉም" እያልን እንስቅ ነበር። እኔም ስቄአለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

የላክሁልዎትን የመስሚያ መሣሪያ እትዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፓስፖርት ፎቶዎቹ ጋር እንዳገኘችው ነገረችኝ። "ይጮኻል" ብለው ነው አሉ። የሚጮኸው በደንብ ሳይገባ ሲቀር ነው፤ እርስዎ ያልገባ ብሎን ሲንቀጠቀጥ ሰምተው ማሽን ወርውረው ያውቃሉ?

እዚህ አንድ ሰው የማይታመን ነገር ሲያወራ "ይህን ለጀልበኛው ንገረው" ይሉታል። እርስዎም ስላላመኑኝ፣ ትናንት ስሻገር ከዳር እስከ ዳር ያለውን ድምፅ ቀድቼ በእትዬ ቴሌግራም ልኬአለሁ። ስልኩን ወደ መሣሪያው ጠጋ አድርጋ ታሰማዎት። ፒስተን የሚመስል ነገር ከሰሙ ተሸንፌአለሁ። ደግሞ የጎርጎራው ዕለት ምን እንዳሉኝ ካስታወሱ፣ ይጻፉልኝ።

ከፖስታው ጋር ባትሪ አለ። ጀርባው ላይ ያለው ብርቱካናማ ተለጣፊ ካልተላጠ አይሠራም፤ ባትሪው የሚነሳው በአየር ነው። ልጠው አንድ ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ከዚያ ያስገቡት።

ልጅዎ
ከባዝል