ግጥሙን ለልጆቹ ተዉላቸው

ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ሳምንት ልጆቻችሁ ከአማርኛና ከታሪክ መምህሮቻቸው ጋር ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር ወጥተው ነበር። የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልት አዩ፣ የየካቲት 12 ሐውልት ሥር ቆሙ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ተመለሱ። የቤት ሥራቸው ያዩትን በግጥም መጻፍ ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እዚያው ቆመው የጀመሩት ግጥም ሌላ፣ ሰኞ ከቤት የመጣው ሌላ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ድሆችን ሰብስቦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን የከተማው ሕዝብ ተጨፈጨፈ። መምህሩ ይህን ሲናገሩ አንዷ ተማሪ «ምጽዋቱን ሳይቀበሉ ነው የሞቱት?» አለች። መምህሩ ዝም አሉ። እሷም ደብተሯ ላይ «እጁን እንደዘረጋ የቀረው ድሃ» ብላ ጻፈች። ሰኞ «ጀግኖች አባቶቼ» የሚል ዐሥራ ሁለት መስመር ይዛ መጣች። ቤት መምታቱንስ ይመታል፤ ልጅቷ ግን እቤቱ ውስጥ የለችም።

ሌላው ልጅ ግቢው ውስጥ ያለውን የፋሺስቶች ደረጃ አየ። የሙሶሎኒን የሥልጣን ዓመታት እንዲቆጥር የሠሩት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ነው። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል።

ደረጃ ሠሩና ሊወጡ ወደ ላይ፣
አንበሳ ቁጭ አለ ከመጨረሻው ላይ።

«ላይ»ን በ«ላይ» ቤት ማስመታት ስንፍና ነው የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ግን የራሱ ነው፣ እኔ ደግሞ ሳነበው ስቄያለሁ።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኔም ለልጄ ግጥም «አስተካክዬ» በመምህሩ ተነቅቶብኛል። ብቻ ከእናንተ የምንፈልገው ሌላ እገዛ ነው። አያት ወይም የሰፈር ሽማግሌ ስለዚያ ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙት ካለ ለልጆቹ ያውጓቸው። ብዕሩን ግን አትንኩባቸው።

ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ወደ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንሄዳለን። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች በጥይት የገደሏቸው ጳጳስ ናቸው። የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ላኩልን። ምቹ ጫማና ውኃ ይያዙ፣ ስልክ አያስፈልግም። እርሳስ እንዳይረሱ፤ ላጲስ ግን ባይዙ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህር