ዶሮዋ ሳትሞት የካሳው ዋጋ ይነገረን
ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ግብርና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከቢሾፍቱ ነው። ከተማችን የአገሪቱ ትልልቅ የዶሮ እርባታዎች የሚገኙባት ናት። ጨለለቃን የመሰለ ረግረግም አላት፤ የአውሮፓና የእስያ ብርድ የሚያባርራቸው ዳክዬዎችና ሌሎች የውኃ ወፎች በየዓመቱ እየመጡ ወራት ይቆዩበታል። በእርባታዎቹና በረግረጉ መካከል ደግሞ እንደ እኔ ያሉ፣ በጓሯቸው አምስት፣ ዐሥር፣ ሃያ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ይኖራሉ። የምጽፈው ስለ እነዚህ ሰዎች፣ የወፍ ጉንፋን ቢገባም ለሚወገድባቸው ዶሮ ስለሚከፈል ካሳ ነው።

ስለ ወፍ ጉንፋን ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰቡት ትልልቆቹ እርባታዎች ናቸው። እነርሱ አጥር አላቸው፤ በራቸው ላይ የጫማ መንከሪያ መድኃኒት አላቸው፤ የሚጠሩት ሐኪም አላቸው። በአገራችን ካሉት ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች ግን አብዛኞቹ የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው፤ ቀን በየደጁ ጭረው ይበላሉ፤ ማታ በብዙ ቤት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ቆጥ ላይ ያድራሉ። ልጆች ጫጩት አቅፈው ይጫወታሉ፤ ኩሱን የምትጠርገው እናት ናት፤ ለበዓል የምታርደውን ዶሮ የምትነጨውና የምትበልተውም እርሷው ናት። በሽታው ከወፍ ወደ ሰው የሚሻገረውም በዚሁ መንገድ፣ የታመመ ወይም የሞተ ዶሮ በመንካትና ከላባውና ከኩሱ የሚነሳውን ብናኝ በመተንፈስ ነው። ግብፅ ላይ የሆነው ይኸው ነበር። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2006 ከገባ በኋላ በዓመታት ውስጥ 359 ሰዎች መያዛቸው ተረጋግጦ 120ዎቹ ሞተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቤታቸው ዶሮ የሚያረቡ ሴቶችና ልጆቻቸው ነበሩ።

ሩቅ አገር ነው እንዳይባል፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ2006 ሱዳንና ጅቡቲም በሽታውን አግኝተዋል። ጅቡቲ ውስጥ የታመመችው የሁለት ዓመት ሕፃን ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የዱር ወፎች በሌላ ዓይነት የወፍ ጉንፋን ሞተው ተገኝተዋል። በሽታውን ይዘው ሊመጡ የሚችሉት የውኃ ወፎች የሚበሩበት መንገድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ይዞ የሚወርድ ነው። ዝዋይ፣ አብያታ፣ ሐዋሳ፣ ጫሞ ሁሉም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በእኛ ሰፈር ዶሮ በድንገት ሲሞት የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ፈንግል ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ፈንግል በየዓመቱ የመንደር ዶሮ ሲጨርስ ስለኖረ ማንም አይደነግጥም፤ ማንም ለማንም አያመለክትም። ነገር ግን የፈንግልና የከባዱ የወፍ ጉንፋን ምልክት በዓይን አይለይም። በሁለቱም ዶሮዋ ታኮርፋለች፣ መተንፈስ ያቅታታል፣ አንገቷ ሊጠመዘዝ ይችላል፣ ራሷ ሊያብጥ ይችላል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቆጡ ባዶ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። የወፍ ጉንፋን ወደ አንድ መንደር ቢገባ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በፈንግል ስም ተሸፍኖ ያሳልፋል ብዬ የምሰጋው ለዚህ ነው።

ዶሮዋ ስታኮርፍ አንዲት እናት የምታደርገውንም አውቃለሁ። ሳትሞት አርዳ ለልጆቿ ትሠራለች፤ ወይም ገና ቆማ ሳለች ገበያ ታወጣታለች። ባለማወቅ ነው ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ሒሳቧን አውቀዋለሁና ልወቅሳት አልችልም። ያቺ ዶሮ የጨው፣ የዘይት፣ የልጅ ደብተር መግዣ ናት። የባል ፈቃድ ሳይጠየቅባት የምትሸጥ ብቸኛ ሀብቷም ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለችውን ሴት «የታመመ ዶሮ ካየሽ ተናገሪ» ማለት፣ ተናግራ ባዶ እጇን ስትቀር የምትበላውን ሳይነግሩ ከሆነ፣ ፍሬ የለውም። መንግሥት መጥቶ የሷንም የጎረቤቶቿንም ዶሮ አርዶ እንደሚቀብር ከሰማች ደግሞ ዶሮዎቿን ሌሊት ወደ እህቷ ቀበሌ ታሸሻለች። በሽታውም አብሯት ይሄዳል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ በሽታ ለመከላከል ሲባል ለሚወገድ ዶሮ የሚከፈለው ካሳ አሁን፣ ምንም ሳይሆን፣ በመመሪያ ይወሰን። ዋጋው የገበያ ዋጋ ይሁን፤ የበዓል ሰሞን ዋጋም ይታሰብበት። ቄቡም፣ አውራውም፣ ታቅፋ የተኛችውም ለየብቻ ይተመኑ። ክፍያው ዶሮው በተወገደበት ሳምንት በቀበሌው በኩል ይድረስ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 በአፍሪካ የመጀመሪያውን ወረርሽኝ ስትገጥም መጀመሪያ የተቆረጠው ካሳ ከገበያው ዋጋ ያነሰ ስለነበር አርቢዎች አጉረምርመዋል፤ በችኮላ የሚወጣ ተመን ይህ አይቀርለትም። በሌማት ትሩፋት በብድር ጫጩት የወሰዱ ወጣቶችና እናቶችም አሉ። እነርሱ ዶሮው ተወግዶ ዕዳው ብቻ እንዳይቀርባቸው በዚያው መመሪያ ውስጥ ስማቸው ሊነሳ ይገባል።

ወጪው ከባድ ነው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። በመጀመሪያው መንደር የመጀመሪያዋ እናት ስትናገር የሚከፈለው የጥቂት መቶ ዶሮዎች ዋጋ ነው። ሳትናገር ከቀረች ግን ጉዳቱ የቢሾፍቱን እርባታዎች ሁሉ ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. ዶሮ የሚጨርስ በሽታ ተነስቶ ዝውውር ሲታገድ ምን ያህል ሰው እንደተጎዳ ሚኒስቴሩ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በጉራጌ፣ ጉብሬ ላይ በነበረ የዶሮ እርባታ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች ሞተው የወፍ ጉንፋን ተጠርጥሮ ነበር። ምርመራው አይደለም ቢልም ወሬው ቀድሞ ስለነበር የዶሮ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ደኅና ዶሮ የያዙ የገጠር ሴቶችም ከሰሩ። ሰው የሚያምነው መረጃ አስቀድሞ ካልተሰጠው የሚጎዳው በበሽታው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ልመናዬ ከመጀመሪያው ጋር የተያያዘ ነው፤ ፈንግልን ከመንደር አስወጡልን። ክትባቱ እዚሁ ከተማችን በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል፤ ሙቀት የሚቋቋምና በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ዓይነትም አለው። ችግሩ ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። ስድስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ገዝታ አትጠቀምበትም፤ ከተከፈተ ደግሞ ለነገ አያድርም። ስለዚህ ክትባቱ እንደ ሕፃናቱ ክትባት ቀን ተቆርጦለት፣ ሰፈር ለሰፈር ይሰጥ። የተከተበ መንደር ውስጥ ዶሮ በጅምላ ከሞተ «ፈንግል ነው» ብሎ ማለፍ ይቀራል፤ ያኔ ሰውም ባለሙያውም ይጠይቃል።

የሚጠይቀው ሰው ደግሞ የሚደውልበት ይኑረው። ገበሬው የሚያውቀው የግብርና ምክር የስልክ መስመር 8028 አለ፤ የዶሮ ሞት ጥቆማም በዚያው ይቀበል። ጥቆማው በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይድረስ፤ ናሙናውም ሰበታ ወደሚገኘው ላቦራቶሪ ይላክ፤ ውጤቱ ለጠቆመችው ሴት በስሟ ይነገራት። ናሙና ሰጥቶ መልስ ሳያገኝ የቀረ ሰው ሁለተኛ አይደውልም።

ስለ አርቢዎቹ ጤና ጥቂት ልጨምር። «ዶሮ ከቤት አይውጣ» የሚለው ምክር ለእኛ አይሆንም፤ ጥሬ ገዝቶ የሚቀልብ አቅም ቢኖር ዶሮው በየደጁ ባልዞረ ነበር። የሚቻለውን ይንገሩን። ማደሪያውን ከመኝታ ቤት ማውጣት ይቻላል። ከገበያ የመጣን ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ማቆየት፣ የሐይቅ ውኃ አለማጠጣት፣ ዳክዬና ዶሮን አለመቀላቀል ይቻላል። የሞተውን በባዶ እጅ አለመንካት፣ በላስቲክ ይዞ አርቆ መቅበር፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ይቻላል። በደንብ የበሰለ ዶሮና እንቁላል እንደማይጎዳም አብሮ ይነገር፤ አለበለዚያ የ1998ቱ ድንጋጤ ይደገማል። ዶሮ የሚያስወግዱ ሠራተኞች ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና መነጽር ይኑራቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ዶሮ የሞተበትን ቤት ቢያንስ ለዐሥር ቀን እየተመላለሰች ትጠይቅ። ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ካለ ከዶሮ ጋር መቆየቱን ሐኪሙ ቶሎ ማወቅ አለበት፤ መድኃኒቱ በይበልጥ የሚረዳው ሕመሙ እንደጀመረ ሲወሰድ ነውና።

ጊዜውንም ልጠቁም። የውኃ ወፎቹ ወደ ሐይቆቻችን መውረድ የሚጀምሩት በመስከረም አካባቢ ነው። በዚያው ሰሞን ዕንቁጣጣሽና መስቀል ይደራረባሉ፤ ከየገጠሩ የተሰበሰበ ዶሮ እግሩ ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ ያልተሸጠውም ወደ መጣበት ይመለሳል። ለገና ሲደገም ሐይቆቹ በወፍ ተሞልተዋል። ስለዚህ የካሳው ተመን ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ወጥቶ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች በሬዲዮ እንዲነበብ እጠይቃለሁ። ማንበብ የማትችለው እናት ቁጥሩን በጆሮዋ ትስማው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በጓሮዋ ዶሮ የምታረባ፣ ከቢሾፍቱ

ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር