ትከሻዋ የማይንቀሳቀሰው ልጅ፦ ለአምስት መድረኮች የድጋፍ ጥሪ

የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። እኛ ዘንድሮ እሳቱን ችለን ፊታችሁ ቆመናል።

እኛ ማለት 14 ሰዎች ነን፦ ዘጠኝ ተወዛዋዦች፣ ከበሮ መቺ፣ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ዋሽንት ነፊ፣ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያና ይህን የምጽፈው እኔ። አብዛኞቻችሁ የምታውቁን በሠርግ ነው። ሙሽራ ሲገባ ከፊት ከፊት እስክስታ የሚወርዱት ልጆች እነዚሁ ናቸው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ማታ ማታ በሰፈራችን ወጣት ማዕከል የምንለማመደው ሠርግ ላይ የማይታይ ሥራ ነው፤ በሰሜኑ ጦርነት ፆታዊ ጥቃት ስለደረሰባቸው ልጃገረዶች የሚናገር የ40 ደቂቃ ውዝዋዜ።

ጦርነቱ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቆየ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በነሐሴ 2013 ባወጣው ሪፖርት በትግራይ ጥቃት የደረሰባቸው 63 ሴቶችና ልጃገረዶች ቃላቸውን ሰጥተዋል። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ በሌላ ሪፖርቱ በአማራ ክልል የነፋስ መውጫ ከተማ 16 ሴቶች ተናገሩ። የአጥቂዎቹ መለዮ የተለያየ ነው። እኛ ሁለቱን ሪፖርቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነው ሥራውን የጀመርነው። የማን ወገን ናት እያልን ልጆችን የምንመርጥ ከሆነ ቤታችን ብንቀመጥ ይሻላል።

ሙዚቃው በባቲ ይጀምርና ወደ አምባሰል ይሻገራል። ባቲንና አምባሰልን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በቅኝት ስምነታቸው ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ሰው የሚኖርባቸው፣ ገበያ የሚቆምባቸው አገሮች ናቸው። በ2014 ጦርነቱ በሁለቱም አልፏል። ማሲንቆ ተጫዋቻችን ይህን ካሰበ ወዲህ ባቲን ሲጫወት እጁ ቀስ ብሏል፤ እኛም አፍጥነው አላልነውም።

መጀመሪያ ያዘጋጀነው ሌላ ነበር። ወታደር ሆኖ የሚጫወት ልጅ ነበረበት፤ ልጅቷን ይጎትታታል፣ መብራት ይጠፋል። ለጎረቤት እናቶች ስናሳይ አንዲት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወጡ። በሳምንቱ ቡና ጠርተውን፣ «ልጆቼ፣ የሆነውን እናውቀዋለን፤ ደግማችሁ አታሳዩን» አሉን። እውነታቸውን ነው። በዚያው ቀን ትዕይንቱን አወጣነው።

አሁን መድረኩ ላይ ድብደባም ጉተታም የለም። ስምንቱ ክብ ሠርተው እስክስታ ይወርዳሉ፤ የዘጠነኛዋ ትከሻ አይንቀሳቀስም። እግሯ ምቱን ይከተላል፣ ትከሻዋ ደርቋል። አራት ደቂቃ ሙሉ። በእኛ አገር ክብ ውስጥ ገብቶ የቆመ ሰው ሲታይ ተመልካች ዝም አይልም፤ ያጨበጭባል፣ እልል ይላል፣ «ምቺው እንጂ!» ይላል። ልምምድ ላይም የሆነው ይኸው ነው። ትንሽ ቆይቶ ጭብጨባው በራሱ ጊዜ እየሳሳ ሄደ፤ የገባቸው ያኔ ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን አልነግራችሁም፣ መጥታችሁ እዩ።

ለምን በውዝዋዜ? የሚሉን አሉ። ጥቃት የደረሰባትን ልጅ ማይክ አስይዞ ተናገሪ ማለት ገመናዋን ለወሬ መስጠት ነው፤ ተመልሳ የምትኖረው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ መድረክ ላይ ተጎጂ አናወጣም፣ የማንንም ታሪክ በስም አንጠራም፣ ስንቀርጽም ካሜራችን ወደ ተመልካቹ አይዞርም።

ትርኢቱ ሲያልቅ ባለሙያዋና የየከተማው አንዲት ነርስ ይቀመጣሉ፤ መጠየቅ የሚፈልግ ለብቻው ይጠይቃል። ለሁሉም የሚነገር ነገርም አለ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሠራል፤ ጊዜው ቢያልፍም ጤና ጣቢያ መሄድ አይቀርም። ይህን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው። «እስኪ ሰው ሳይሰማ» እየተባለ ሦስት ቀን ያልፋል።

የመጀመሪያው ትርኢት ኅዳር 16 ነው፤ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመቃወም በዓለም ዙሪያ የሚታሰቡት 16 ቀናት የሚጀምሩበት ዕለት። እስከ ታኅሣሥ 1 ድረስ ሁለቴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ደሴና መቀሌ እናሳያለን። መግቢያ በነፃ ነው። መንገዱ በማያስኬድበት ቦታ ቀኑን እናሸጋግራለን እንጂ ልጆቹን አደጋ ላይ አንጥልም፤ ገንዘቡም ለዚያው ከተማ ይቀመጣል።

ወጪው 480,000 ብር ነው። ለመኪናና ነዳጅ 190,000፣ ለማደሪያና ምግብ 150,000፣ ለባለሙያዋና ለነርሶቹ 80,000፣ ለድምፅ ማጉያና ለመብራት 60,000። ቀሚሱን ከየቤታችን ነው የምናመጣው። ልጆቹ ከሠርግ ሥራ እየቀነሱ 115,000 ብር አጠራቅመዋል፤ የጎደለው 365,000 ነው። ካነሰን ከመብራቱ እንቀንሳለን፣ ከባለሙያዋና ከነርሶቹ ግን አንድ ብር አንነካም።

ገንዘቡ የሚገባው በሰፈራችን ዕድር ስም በተከፈተው ሒሳብ ነው፤ ሦስት ሰው ሳይፈርም አይወጣም። ቁጥሩ ወጣት ማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ የዕድሩ ገንዘብ ያዥም ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ሪያድም ሆነ ዋሽንግተን ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል መላክ ትችላላችሁ። አምሳ ብርም ትመዘገባለች። ገንዘብ የሌለው ደሴ ወይም መቀሌ ላይ ማደሪያ የሚሰጥ ዘመድ ያገናኘን፤ አንድ ትልቅ ከበሮ የሚያውሰንም እንፈልጋለን፣ የእኛው ቆዳው ተቀዷል።

ለመኪናው ቀብድ የምንከፍለው ጥቅምት 15 ነው።