ለማን እንደተነሣ የማይታወቅ ፎቶግራፍ

ከደብረ ማርቆስ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጠፋፋን ዓመታት ነጉደዋል፤ ማን ማንን እንደረሳ መወቃቀሱን በአካል ስንገናኝ ብናደርሰው ይሻላል።

ብዕር ያስነሣኝ የፎቶግራፍ ነገር ነው። ባለፈው ሰሞን የአንድ አዛውንት ጎረቤታችንን ለቅሶ ስንደርስ፣ ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው ምስላቸው ከመታወቂያቸው ላይ ተወስዶ የጎላ ጉርድ ፎቶግራፍ ኖሮ፣ የቀበሌው ማኅተም ጠርዝ ከነሰማያዊ ቀለሙ ትከሻቸው ላይ ቀርቷል። ከመታወቂያ ግዴታ ውጭ ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም ማለት ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ስልክ ግን የአንድ ቀን ምሳ እንኳ ደጋግሞ የተነሣበት ነው።

ፎቶ ማንሣት ቀለለ ብዬ ላማ አይደለም፤ ቅለቱማ የቆየ ነው። ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ የፈለሰፈው ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ ሲሆን ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ በ1888 የወጣው የኮዳክ ካሜራ ግን 100 ፎቶ የሚያነሣ ፊልም ተጠቅልሎበት፣ «ቁልፉን ተጫኑ፣ ቀሪውን ለእኛ ተዉት» እየተባለ ይሸጥ ጀመር።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ፊልሙ በ36 ፎቶ በሚያልቅበት፣ ታጥቦ እስኪወጣም ወደ ፎቶ ቤት በምንመላለስበት ዘመን እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ተቀባይ ነበረው፤ ለዘማች ወንድም፣ ለእጮኛ ወይም አገር ቤት ለቀረች እናት ይላካል፤ ከጀርባውም «ለማስታወሻ ያህል» ተብሎ ቀኑና ቦታው ይጻፍበታል። የዛሬው ስልክ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከተፈቀደለትም ቦታውን፣ ሳንጠይቀው ይመዘግባል፤ ለማን እንደተነሣ ግን አይመዘግብም፤ እኛም ብንጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ የለንም።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል የሆነውን ላጫውትህ። ፈረሱ ሲጋልብ ሜዳው ዳር የቆመው ሕዝብ ስልኩን ከፊቱ ደቅኖ ያያል። አንድ ሸምገል ያሉ ፈረሰኛ ላነሣቸው ስጠይቃቸው ልጓሙን ሳብ አድርገው፣ «አጥበህ የምታመጣልኝ ከሆነ እነሣለሁ፤ ለራስህ ብቻ ከሆነ ግን ይቅርብኝ» አሉኝ። ነገሩን ከእሳቸው በላይ ያስረዳኝ የለም። አንሥቼ፣ አሳትሜ፣ በሚያውቃቸው ሰው እጅ ሰደድሁላቸው።

አንተም መልስ ስትጽፍ ከቤተሰብህ ጋር የተነሣኸውን በወረቀት አሳትመህ ላክልኝ። ከጀርባው የልጆቹን ስም እንደ አቋቋማቸው በተራ ጻፍልኝ፤ የታናሺቱን ስም ገና አልነገርኸኝም።

ወዳጅህ