«ሥራ፦ የለም» ስላልሽው መስመር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? የላክሽልኝን የቤተሰብ መዝገብ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የልደት ዘመኑ፣ የጋብቻው፣ የልጆቹ ቁጥር ሁሉም በወግ በወጉ ተቀምጧል፤ በትጋትሽ ኮርቻለሁ። አንድ መስመር ላይ ስደርስ ግን ማለፍ አቃተኝ። ከአባቴ ስም ትይዩ «ሥራ፦ ገበሬ» ብለሻል። ከእናቴ ስም ትይዩ ደግሞ «ሥራ፦ የለም»።

አንቺን ልወቅስ አይደለም። እኔም በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ሰው ስለ እናቴ ሲጠይቀኝ «ቤት ናት» ብዬ ነበር የምመልሰው። እቤት ስትውል ምን እንደምታደርግ ግን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ያደግኩት ጀርባዋ ላይ ነው።

ስለ እናቴ ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የወፍጮዋ ድምፅ ነው። ሌሊቱ ሳይነጋጋ ትነሳለች። የወፍጮውን የላይ ድንጋይ፣ መጁን፣ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ፊት ትገፋዋለች፤ መልሳ ትስበዋለች። በክንዷ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከተረከዟ ጀምሮ መላ ሰውነቷ አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይመለሳል። እህሉን መጀመሪያ ትሸረክተዋለች፤ ቀጥላ ትሰልቀዋለች። ከዚያ ዱቄቱን በሁለት ጣቶቿ አሸት አሸት ታደርገዋለች፤ ካልላመላት እንደገና ትመልሰዋለች። ወፍጮው ሲሟልጥ ራሷው ትወቅረዋለች፤ አንድ ጊዜ የወቀራው ፍንጣሪ ዐይኗ ገብቶ ለቀናት ሲያስለቅሳት አይቻለሁ። በዚያ ሁሉ መካከል እኔ ታዝዬ እተኛለሁ። የወፍጮው ድምፅ ለእኔ እሹሩሩ ነበር። ለእሷ ምን እንደነበር አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ካደግኩ በኋላ ያነበብኩት አንድ ነገር ይህን ሁሉ አስታወሰኝ። በሶርያ፣ አቡ ሁሬይራ በሚባለው ጥንታዊ መንደር ከተቆፈሩት አጽሞች መካከል የሴቶቹ የእግር ጣት፣ ጉልበትና የታችኛው ጀርባ አጥንት ተጎድቶ ተገኝቷል። ተመራማሪዋ ምክንያቱን ስትፈልግ የደረሰችው ወፍጮ ላይ ነው፤ ተንበርክኮ ለሰዓታት እህል መፍጨት። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም አለ። በመካከለኛው አውሮፓ ከ7 ሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሴቶች የክንድ አጥንት፣ ከሰውነታቸው መጠን ጋር ተመዛዝኖ፣ ከዛሬዎቹ የጀልባ ቀዘፋ ስፖርተኛ ሴቶች ከ11 እስከ 16 በመቶ ይጠነክር ነበር። ልብ በይ ልጄ፣ የሚፎካከሩት ስፖርት ብለው ከሚሠለጥኑ ሴቶች ጋር ነው። እነዚያ ሴቶች ስማቸው የትም አልተጻፈም። ሥራቸው ግን አጥንታቸው ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

ከወፍጮው ቀጥሎ ውኃ ነው። 20 ሊትር ውኃ ማለት 20 ኪሎ ነው፣ የዕቃው ክብደት ሳይታሰብ። ያንን አዝላ አቀበት ትወጣለች፤ በቀን አንዴ ብቻም አይደለም። ልብስ በሚታጠብበት ቀን የምታመላልሰው ይበዛል፤ መዘፍዘፊያው፣ ማሻው፣ ማለቅለቂያው ሁሉ ውኃ ይፈልጋልና። እዚህ ላይ እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ስጫወት ውኃ ተሸክማ ስትመጣ አየኋት። ጎንበስ ብላለች፤ ላብዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። ሮጬ ልቀበላት እችል ነበር። ወንድ ልጅ ውኃ ሲሸከም ይሳቅበት ነበርና ፊቴን አዞርኩ። አይታኛለች። ምንም አላለችም። ማታ ከዚያው ውኃ ቀድታ እግሬን አጠበችኝ።

ጭሱንም አልረሳሁትም። ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ታስል ነበር፤ እኛም ሳሏን የእርጅና አድርገን ቆጠርነው። አርጅታ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ለሞት ዳርጓል፤ ስለዚህ የነገርኩሽ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

አንቺ የሒሳብ ባለሙያ ነሽና ይህንንም አስቢው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሳይመን ኩዝኔትስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲያቀርብ፣ የቤት እመቤቶችን አገልግሎት ከስሌቱ አስቀርቶታል። ምክንያቱ ዋጋውን ለመገመት አስተማማኝ መነሻ የለም የሚል ነበር። ቢያንስ እሱ መተዉን በግልጽ ጽፏል። እኛ ግን መተዋችን ራሱ አይታወቀንም፤ ባዶ ቦታ እናይና «የለም» ብለን እንሞላዋለን። አባቴ ማረሱ እውነት ነው፤ እጁም ሻካራ ነበር። ነገር ግን ሲመሽ ይቀመጣል። እናቴን ተቀምጣ ያየኋት ስትፈትል ነው፤ እጇ ያኔም አያርፍም።

የሞተር ወፍጮ ወደ ሰፈራችን የመጣ ሰሞን የሆነውን ነግሬሽ አላውቅም። አንድ ሌሊት በድንገት ከእንቅልፌ ብንን አልኩ። ምን እንደቀሰቀሰኝ ግራ ገባኝ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ለካ የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው፤ ወፍጮው ሳይጮኽ አድሮ አያውቅም ነበር። እናቴ የሆነ ነገር የሆነች መስሎኝ ደንግጬ ተነሳሁ። ተኝታለች። ጎህ ቀዶ እናቴ ስትተኛ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊቷ ልጅ ፊት መስሎ ነበር፤ ያኔ ከሠላሳ ዓመት ብዙም አልዘለለችም። እንዳልቀሰቅሳት ፈርቼ እስክትነቃ ድረስ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ቆየሁ።

እንግዲህ ያንን መስመር አስተካክዪልኝ። ምን ብለሽ እንደምትጽፊ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቦታው ከጠበበሽ ሰንጠረዡን አስፊው። መጁ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ፤ በመጋዘኑ በር ሥር አስቀምጬዋለሁ። ስትመጪ በሁለት እጅሽ ያዢው። ድንጋዩ ግራና ቀኙ ጎድጎድ ብሏል፤ መዳፍሽ ልክ እዚያ ላይ ያርፋል።

የሚወድሽ አባትሽ