ስለዚያ የዓይን ጠብታ፣ ከደሴ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ? ልጆቹስ? ብዙ ጠፋሁብህ። ሰበብ አልደረድርም፤ አንተም ብትሆን ከእኔ አትሻልም። እኛ ደህና ነን። ደሴ ያው ደሴ ናት፤ የጦሳ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጋቢ አያስጥልም።

በስልክ ጀምረን ሳንጨርሰው የቀረው ክርክር ከአእምሮዬ አልወጣም። ላታኖፕሮስትና ቲሞሎል የሚባሉት ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ጠርሙስ ያሉበትን የግላኮማ ጠብታ በኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ ውስጥ ያለውን ለያይቶ በሚለካው መሣሪያ) እንዴት እንመርምረው የሚለውን ማለቴ ነው። አንተ ኮለሙን፣ መድኃኒቶቹ የሚለያዩበትን ቱቦ፣ እንቀይር ነበር ያልከው። አሁንም አልስማማም። ተራው ሲ18 የሚባለው የሲሊካ ኮለም ይበቃል።

ጣጣው መጠኑ ላይ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ቲሞሎል አለ፤ ላታኖፕሮስቱ ግን 50 ማይክሮ ግራም ብቻ። መቶ እጥፍ! ለቲሞሎሉ ብለህ ናሙናውን ብታቀጥነው ላታኖፕሮስቱ ይጠፋል። ሳታቀጥን ብታስገባው በ210 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ የቲሞሎሉ ፒክ (ግራፉ ላይ የሚወጣው ጉብታ) ጣራ ይነካል። ስለዚህ ቲሞሎልን በ295፣ ላታኖፕሮስትን በ210 አንብብ። በ210 ደግሞ ናሙናውን በኮለሙ ለሚገፋው ፈሳሽ ሜታኖልን እርሳው፤ እሱ ራሱ ብርሃን ይመጥና ቤዝላይኑን (የግራፉን መነሻ መስመር) ያበላሽብሃል። አሴቶናይትራይል ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን ቁጠባ አያዋጣም።

ሰው የሚዘነጋው ጠብታው እንዳይበከል የሚጨመረውን ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። 0.02 በመቶ ሲሆን ትንሽ ይመስላል፤ ከላታኖፕሮስቱ ግን አራት እጥፍ ነው። ሰንሰለታቸው የሚለያይ ሞለኪውሎች ድብልቅ ስለሆነ ከአንድ በላይ ፒክ ያወጣል። እነሱም በ210 ይታያሉ። አንዱ ላታኖፕሮስቱ ላይ ቢያርፍ ውጤትህ አለቀለት።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ የሚገፋውን ፈሳሽ ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ) 3 ላይ እሰረውና ከዚያ በኋላ አትንካው። ቲሞሎል ቤዝ ስለሆነ ፒኤቹ ከፍ ሲል ሲሊካው ይይዘውና ፒኩ ጅራት ያወጣል፤ 3 ላይ ይሰበሰባል። ላታኖፕሮስት ለፒኤች ደንታ የለውም። ቤንዛልኮኒየሙም ምንጊዜም የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለው፤ ፒኤች ብትቀያይር ቻርጁ ንቅንቅ አይልም። እነዚህን ሁለቱን የምትለያየው በአሴቶናይትራይሉ ነው። በ25 በመቶ ገደማ ጀምር፤ ቲሞሎሉ ሲወጣ ወደ 65 አሳድገው። 80 አካባቢ እንዳትደርስ፣ ፒኤቹን የሚያስርልህ የፎስፌት ጨው ይዘቅጥና ፓምፑን ያንቅብሃል።

ስለ ጨው ካነሳን፣ መብራት ድንገት ሲሄድ ባፈሩ (ያ ፎስፌት ያለበት ፈሳሽ) ኮለም ውስጥ እንዳያድር። መብራቱ እንደመጣ ኮለሙን መጀመሪያ ውሃ በዛ ባለ ድብልቅ እጠበው፣ አሴቶናይትራይሉ ከዚያ በኋላ። የታተሙት ጽሑፎች መብራት የሚጠፋ አይመስላቸውም። ናሙናውንም በብርጭቆ ቫያል ያዝ፤ ላታኖፕሮስት ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል።

ይህን ያህል ምን አስጨነቀህ ትለኝ ይሆናል። ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጣርማበር ብርድ ያልፋል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ይግላል፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይገባል። ሙቀት ሲበዛበት ላታኖፕሮስቱ፣ ኤስተር የሚባል ዓይነት ውህድ ነውና፣ እየፈረሰ አሲድ ይሆናል። ዓይን ውስጥ የሚሠራው አሲዱ ቢሆንም ኮርኒያን ዘልቆ የሚገባው ኤስተሩ ነው። ሁለቱን ለይቶ የማያሳይ ዘዴ ለእኛ ምን ያደርግልናል? አሲዱ ደግሞ ለፒኤች ደንታ አለው፤ 3 ላይ ከላታኖፕሮስቱ ቀድሞ ለብቻው ይወጣል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዓይናቸው የሚመላለሱት እናቶችና አባቶች ፋርማሲ የሰጣቸውን አምነው ነው የሚያንጠባጥቡት።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። መድኃኒቶቹ የሌሉበትን ባዶውን ድብልቅ ለብቻው አስገባና ክሮማቶግራሙን (መሣሪያው የሚያወጣውን ግራፍ) በቴሌግራም ላክልኝ። የቤንዛልኮኒየሙ ፒኮች የት እንደሚወጡ ሳላይ ስለ ኮለም አንድ ቃል አልሰማህም። እማማን ሳምልኝ። አብሽር፣ ከእንግዲህ አልጠፋም።

ወንድምህ